የሰፌዱ እምብርት

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናቡ ገና ሳይለቅ፣ ቤቴን ለማሳመር ተነሳሁ። ቤቴ ስል የተከራየሁትን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ማለቴ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ነጭ ግድግዳ፣ ጣሪያው መሀል አንድ ነጭ አምፖል። ሁለት ዓመት ስኖርበት አንድ ሚስማር አልመታሁበትም። ለአዲስ ዓመት ግን እናቴ ከጎጃም ልትመጣ ነበር። አዲስ አበባ ከገባሁ ጀምሮ ቤቴን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። "ልጄ እንዴት ነው የሚኖረው?" ለሚለው ጥያቄዋ ግድግዳው እንዲመልስልኝ ፈለግሁ።

እንደ ዘመኔ ሰው መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ስልኬ ነው። ቤትን በጸደይ ቀለም ስለማስዋብ የሚያሳዩ ፎቶዎች ሞልተዋል፤ ፈዛዛ ሮዝ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ የሕፃን ልብስ የሚመስል ሰማያዊ። ቆንጆ ናቸው፤ ግን የእኛ ጸደይ አይደሉም። በረዶ ሲቀልጥ ቱሊፕ የሚያብብበት አገር ጸደይ ናቸው። የእኛው ከጭቃ ነው የሚወጣው፤ አይፈዝምም። የአደይ አበባ ቢጫ ዓይን ይወጋል፣ የቄጠማው አረንጓዴ ገና ውኃ ያንጠባጥባል። በነገራችን ላይ ይህን ወቅት ጸደይ የምንለው በልማድ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት መስከረም 25 ያበቃና ከ26 ጀምሮ የሚገባው መጸው ነው፤ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ስሙን ብናሳስተውም ቀለሙን ግን የሚስተው የለም።

ስለዚህ ቢጫና አረንጓዴ መረጥኩ። ከሽሮ ሜዳ ቢጫ ጥለት ያለው የሸማኔ ጨርቅ ገዝቼ መጋረጃ አደረግሁት። ዋናውን ነገር፣ ሰፌዱን፣ ያገኘሁት መርካቶ ነው። መሀሉ ወይን ጠጅ፣ ዙሪያው ቢጫና አረንጓዴ፤ የመስከረም ሜዳ ተጠቅልሎ ክብ የሆነ ይመስላል። ሻጯ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው።

"ስንት ነው እናቴ?"

"አንድ ሺህ ስምንት መቶ።"

"ኧረ ይቀንሱልኝ!"

"ልጄ፣ የእጅ ሥራ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ፤ እናቴም ትሰፋለች። አንድ ሺህ ልስጥዎት።"

በ1,200 ተስማማን። እውነት ለመናገር "እናቴም ትሰፋለች" ያልኩት ዋጋ ለማስቀነስ ነው። የእናቴን ድካም የሌላ ሰው ድካም ለማርከስ ተጠቀምኩበት። ያኔ ግን እንደ ጉብዝና ነው የቆጠርኩት፤ ታክሲ ውስጥ ሰፌዱን ታቅፌ ፈገግ እያልኩ ነበር።

ሰፌድ የሚጀመረው ከመሀል ነው። ጥቂት ስንደዶ ተጠቅልሎ እንደ እምብርት ይታሰራል፤ ከዚያ በወስፌ እየተበሳ፣ ቀለም በተነከረ አክርማ እየተጠመጠመ፣ ዙር በዙር ወደ ውጭ ያድጋል። እያንዳንዱ ዙር የሚቆመው ከፊተኛው ዙር ጋር ስለተሰፋ ነው። እኛ አገር ስንደዶ የሚለቀመው ክረምቱ ሲያባራ ነው። እናም ሰፌድ ራሱ የተቀመጠ መስከረም ነው ማለት ይቻላል፤ በቀለም ብቻ ሳይሆን በሣሩም።

ይህን ሁሉ ልጅ ሆኜ እናቴ ሥር ቁጭ ብዬ ያየሁት ነው። ለደብተሬና ለዩኒፎርሜ የሚሆነው ገንዘብ ከዚያ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለውን ሰፌድ እሷ በማታ በማታ ብትሠራው ሦስት ሳምንት ይፈጅባታል። በቀን ሁለት ሰዓት ብንል 42 ሰዓት ነው። 1,200 ብር ለ42 ሲካፈል በሰዓት ከ29 ብር በታች ነው፤ ከዚያም ላይ የሣሩና የቀለሙ ወጪ ይቀነሳል። የእኔ ሥራ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ደንበኞቼ ውጭ አገር ናቸው፤ የሚከፈለኝም በሰዓት ነው። የተከራከርኩባትን 600 ብር ለማግኘት ስንት ደቂቃ እንደሚበቃኝ አስልቼዋለሁ። እዚህ ልጽፈው ግን አፈርኩ።

ለማንኛውም ሰፌዱን የመብራት ክዳን ላደርገው ነበር የገዛሁት። የድሮው ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከመቶ ዘጠና የሚበልጠውን ወደ ሙቀት ስለሚቀይር፣ ሣር አጠገቡ መስቀል እሳት መጋበዝ ነበር። ኤልኢዲ ሙቀቱ በጣም ያነሰ በመሆኑ ይህን ጭንቀት አቅልሎታል። የአምፖሉ መያዣ እንዲያልፍ የሰፌዱን መሀል በመቁረጫ ከፈትኩት፣ ገመዱን አሳለፍኩ፣ ከጣሪያው ወደ ታች አንጠለጠልኩት። የአምፖል ብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ብርሃኑ ወደ ብርቱካናማ፣ በበዛ መጠን ወደ ሰማያዊ ያደላል። የቀድሞው አምፖሌ 6,500 ነበር፤ ቢሮ ነው የሚመስለው። አሁን 2,700 የሆነ፣ አራት ዋት ብቻ የሚወስድ አደረግሁ። ሲበራ የሰፌዱ ጥልፍልፍ ጥላ ግድግዳው ላይ አረፈ። ፎቶ አንስቼ ለጓደኞቼ ላክሁ። "ካፌ ከፈትክ እንዴ?" አሉኝ። ደስ አለኝ።

እናቴ ጳጉሜን 3 አመሻሽ ላይ ደረሰች። ገብታ ተቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ዙሪያውን አየች።

"መብራቱን አብራው እንጂ" አለችኝ።

"በርቷል እኮ፣ እማዬ።"

ቀና ብላ አየችው። ቆየት ብላ፣ "ይሄ ሰፌድ አይደለም እንዴ?" አለች። ነው አልኳት። "ማነው የበሳው?" እኔ ነኝ አልኳት። "እምብርቱን?"

የእህል ዕቃ ጣሪያ ላይ መሰቀሉ የሚያስቆጣት መስሎኝ መልስ እያዘጋጀሁ ነበር። እሷ ግን ስለዚያ ምንም አላለችም። "ይሰቀል፣ ያምራል፤ ግን ሊፈታ ነው" አለች። አውርጄ ስሰጣት በጣቷ የቆረጥኩትን ጠርዝ ዳሰሰችው። እውነትም አክርማው መላላት ጀምሮ፣ ስንደዶው ብቅ ብቅ ብሏል። ከመጀመሪያው ዙር ላይ ቆርጬው ኖሮ ሁለተኛውን የሚይዘው ጠፍቷል።

"ስንት አሉህ?"

ነገርኳት።

"ተከራከርክ?"

"አዎ" አልኩ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ደግ አደረግህ። የማይከራከር ገዢ ዕቃውን አያየውም። ጀርባውን ገልብጠህ አየኸው?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያ ተከራክረህም አላየኸውም።"

ይህ ንግግር ለሳምንታት አልለቀቀኝም። እኔ ጥፋቴን የማየው በዋጋው ላይ ነበር። በዋጋ በኩል የሚነሳውን ክርክር አብሮኝ ከሚሠራ ጓደኛዬ ጋር ብዙ ጊዜ አውርተነዋል። እሱ እንዲህ ይላል፦ ሻጯ ያለ ትርፍ አይሸጡም፤ ባትገዛ ኖሮ 1,200ውንም አያገኙም፤ ሙሉውን ብትከፍል ደግሞ የተሻለ ሰው የሆንክ እየመሰለህ ትሄዳለህ፣ ያ ደግሞ ለራስህ የገዛኸው ሌላ ጌጥ ነው። የመጨረሻው ነጥቡ ያመኛል፤ እውነትነት አለውና። 600 ብር ጨምሬ ብከፍል ኖሮ ስለ ሰፌዱ ሰፊ የማውቀው ነገር አይጨምርም ነበር። ሂሳቤን ዘግቼ ነበር የምሄደው።

እናቴ ግን የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው፦ አየኸው ወይ? የሰፌድ ፊቱ ለሁሉም ያምራል። ዙሩ እኩል መሆኑ፣ ስፌቱ መጥበቁ፣ ሠራተኛዋ ቸኩላ ይሁን ተጠንቅቃ የሚታወቀው ከጀርባው ነው። እኔ የፈለግሁት ቀለሙንና "የእጅ ሥራ ነው" የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። የእጅ ሥራ ስንል እጁን የምናከብር ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የምንወደው እጅ የነካው መሆኑን ነው እንጂ እጁን አይደለም። የማንን እጅ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም፤ ሻጯ ራሳቸው ይስፉት አይስፉት አላውቅም ነበር።

በዚያው ማታ እናቴ ጠርዙን ልታስርልኝ ወፍራም መርፌና ክር ጠየቀች። ወስፌ የት ይገኛል? ያገኘሁላትን ይዛ መብራቱ ሥር ተቀመጠች። መርፌውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች፣ መልሳ አስጠጋች። ክሩ አልገባ አላት። በመጨረሻ የስልኬን ባትሪ አብርቼ ቆምኩላት።

ነገሩ ምሥጢር አይደለም። ሰው ሲያረጅ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ሌንሱም ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። በ60 ዓመት ዓይን ውስጥ የሚገባው ብርሃን በ20 ዓመት ዓይን ውስጥ ከሚገባው በግምት ሲሦው ነው። ለእኔ "ሞቅ ያለ" የሆነው ክፍል ለእሷ ጨለማ ነው። የሻማ ነበልባል ወደ 1,900 ኬልቪን ይጠጋል፤ የኩራዝም ከዚያ ብዙ አይርቅም። መብራት ኃይል ሰፈራችን የገባው ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ነው። ከዚያ በፊት የተሰፋው ሰፌድ ሁሉ በኩራዝ ነው የተሰፋው፣ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት። እኔ ገንዘብ አውጥቼ፣ አስቤ፣ ቁጥር አወዳድሬ ያመጣሁላት ድባብ እሷ ስትሸሸው የኖረችውን ነው።

ስልኩን እንደያዝኩ፣ "እማዬ፣ እኛ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ያማረ ሰፌድ አልነበረም እንዴ?" አልኳት።

"ያማረውን ሸጥነው። የደበዘዘው ለእኛ ይበቃን ነበር" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። ቅሬታ የለውም፤ የሆነውን ነው የነገረችኝ።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ በወረቀት ላይ አደይ አበባና ፀሐይ ሥለው ይዘው መጥተዋል። የአንዱ ጣት ላይ ቢጫው ቀለም ገና አልደረቀም። ብር ሰጠኋቸው፤ ሥዕሎቹን ተቀብዬ ግድግዳው ላይ ለጠፍኳቸው። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የገረመኝ፤ በልጅ ሥዕል ማን ይከራከራል? መስመሩ ጠሟል፣ ፀሐይዋ ዓይንና አፍ አላት፣ ገበያ ላይ ዋጋ የለውም። የማንከራከረው እጁን ከነቀለሙ ስላየነው ነው። እንግዲህ ቤቴ ውስጥ ካለው የእጅ ሥራ ሁሉ፣ ሠሪውን አይቼ የተቀበልኩት ያ ወረቀት ብቻ ነው።

ታዲያ ቤት ማስዋብ ኃጢአት ነው? አይደለም። በዚህ ጉዳይ እናቴ ከእኔ ይልቅ ግልጽ ነች፤ "ያምራል" ብላለች። ሰው ከጭቃና ከዝናብ በኋላ ቢጫ ነገር ማየት ይፈልጋል፤ ስንትና ስንት ችግር ባለበት አገር ስለ መብራት ቀለም ማሰብ ቅንጦት ቢመስልም፣ በችግር መሀልም ቄጠማ የሚጎዘጉዝ ሕዝብ ነን። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ቤቱን ያሳመርኩት ለማን ዓይን ነው? ክፍሌን ያደራጀሁት ለሚያየው ሰው ነበር፤ ለጓደኛ፣ ለካሜራ። ለሚቀመጥበት ሰው አላሰብኩም። አሁን አንድ መመዘኛ ይዣለሁ፦ ጌጡን የሠራችው ሴት እዚህ ቤት ብትገባ፣ ተቀምጣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ትችላለች? የማትችል ከሆነ፣ ሥራዋን ወስጄ እሷን ውጭ ትቻታለሁ ማለት ነው።

መመዘኛው ሁሉን አይፈታም። የሰፊዎችን ኑሮ አይለውጥም፣ ዋጋ ስንት መሆን እንዳለበትም አይነግረኝም። እኔም ማታ ሥራ ጨርሼ ዓይኔ ሲደክም ያንን ደብዛዛ ብርሃን እወደዋለሁ፤ አልጣልኩትም። ግን በማግስቱ ወርጄ ባለ 12 ዋት ነጭ አምፖልና አንድ የጠረጴዛ መብራት ገዛሁ፤ እናቴ በምትቀመጥበት ጥግ አቆምኩት። ሰፌዱን እዚያ ነው ጠግና የጨረሰችው። የተጠቀመችበት ክር ቀይ ስለሆነ ጥገናው ከሩቅ ይታያል። ልብ ብላ ነው ወይስ ያገኘችው ክር ያ ስለሆነ? አልጠየቅኳትም።

እሷ ከሄደች በኋላ፣ በጥቅምት፣ አደዩ ከሜዳው ሲጠፋ፣ መርካቶ ተመልሼ ሴትዮዋን አገኘኋቸው። ለእንጀራ የሚሆን ሰፌድ ፈልጌ ነበር። አንዱን አነሳሁና ገለበጥኩት። ከመሀሉ ሦስት ዙር አልፎ አንድ ቦታ ላይ ስፌቱ ላላ ብሏል፤ አሳየኋቸው። ሳቁ። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አሉኝ፤ ተከራከርኩ፤ በ1,700 ተስማማን። ብሩን እየቆጠርኩ፣ "ማነው የሰፋው?" አልኳቸው።

"የእህቴ ልጅ ናት" አሉኝ፣ ሰፌዱን በፌስታል እየጠቀለሉ። "ገና ልጅ ናት። የላላው እሱ ቦታ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ይሆናል።"