የተሰወረውን ስለ ማየት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ተረት። ነገር ግን በሽተኛው ሳይደብቅ በሽታው ራሱ የሚሰወርበት ጊዜ አለ፤ በገላ ውስጥ የጠበበ የደም ሥር በዓይን አይታይምና። ስለዚህ ሊቃውንት በመግነጢስ ኃይል የሰውን ውስጥ ያለ ቢላዋ የሚያሳይ ኤም. አር. አይ. የተባለ መሣሪያ አበጁ። የደም ሥርም ጎልቶ እንዲታይ ጋዶሊኒየም የተባለ ማዕድን ያለበትን መድኃኒት በደም ውስጥ ያስገቡ ጀመር።

ይህ መድኃኒት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1988 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ለብዙ ዓመታት እጅግ ደኅና ነው ተብሎ ታመነበት። በራጅ ምርመራ የሚሰጠው አዮዲን ያለበት መድኃኒት ኩላሊትን ይጎዳል ተብሎ ስለሚፈራ፣ የኩላሊት ሕመምተኞች ወደዚህኛው ይመሩ ነበር። በ2006 ግን ቆዳን የሚያደነድንና መገጣጠሚያን የሚያስር ብርቱ በሽታ ከዚሁ መድኃኒት ጋር የተያያዘ መሆኑ ተገለጠ። የተጎዱትም እንዲጠበቁ የታሰበላቸው እነዚያው ሕመምተኞች ነበሩ፤ የታመመ ኩላሊታቸው መድኃኒቱን ቶሎ ሊያስወግደው አልቻለምና።

ከዚያ ወዲህ የብዙ ሐኪሞች ተስፋ ወደ ብረት ዞረ። ፌሩሞክሲቶል የተባለው መድኃኒት በ2009 በአሜሪካ የተፈቀደው ለኩላሊት ሕመምተኞች የደም ማነስ ነበር። 30 ናኖሜትር ያህል የሆኑት የብረት ቅንጣቶቹ በደም ውስጥ ለብዙ ሰዓት ስለሚቆዩ የደም ሥርን አጉልተው ያሳያሉ፤ ገላም ብረቱን እንደ ራሱ ብረት ይጠቀምበታል። ሆኖም ለሞት እስከ ማድረስ የሚችል ድንገተኛ የአለርጂ ቁጣ ስለታየበት፣ በ2015 የአገሩ የመድኃኒት ባለሥልጣን ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አወጣበት።

እንግዲህ ምን እንበል? ማየት ይቅር ማለት አይገባም፤ ያልታየ የደም ሥር ይገድላልና። ያላወቀ ሐኪምም ባለማወቁ ብቻ አይወቀስም። ነገር ግን «ጉዳት አልታየበትም» ማለትና «ጉዳት የለውም» ማለት አንድ አይደሉም። የፊተኛው የእውቀታችንን ልክ ይናገራል፤ የኋለኛው ግን ያላየነውን እንዳየን ያስመስላል። የሚያየው ሐኪሙ ሲሆን አደጋውን የሚሸከመው ሕመምተኛው ነው። ስለዚህ የታወቀው ሁሉ፣ ያልታወቀም መኖሩ፣ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

«ቢነገረው ይፈራል» የሚሉ አሉ። ፍርሃት ግን በምክር ይርቃል፤ የተሰበረ እምነት በቶሎ አይጠገንም። ይህም ሕግ ውሳኔው በሌላው ሰው ላይ ለሚወድቅ ሹምና መምህር ሁሉ ነው። ሕመምተኛው በሽታውን እንዳይደብቅ የምንመክር ከሆነ፣ ሐኪሙም የመድኃኒቱን አደጋ አይደብቅ።