ምላጩን ማን ይያዝ?

«ርኅራኄ» ስንል ጆሯችን የሚሰማው መለስለስን ነው፤ ርኅሩኅ የምንለው ልቡ የራራውን ሰው ነው። በዓረብኛ ግን «ረሕማ» ከማኅፀን ስም ጋር አንድ ሥር ይጋራል። በሶማሌላንድ ዋና ከተማ በሃርጌሳ ስላለው የኤድና አዳን የእናቶች ሆስፒታል ለሚያስብ ሰው ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ማኅፀን ይሸከማል፣ ይመግባል፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ይገፋል። ካልገፋ የተሸከመውን ይገድላል። አለቃ ለሴት ባለሙያ ያለው ርኅራኄም በዚሁ ይመዘን ባይ ነኝ፤ ምን ያህል አዘነላት ሳይሆን ምን አስረከባት ተብሎ ይጠየቅ። «ልጅ አላትና የሌሊት ተራ አይድረሳት፣ ከባዱን ሥራ ወንዶቹ ይያዙላት» የሚለው ደግነት ብዙ ቢሮ ውስጥ አለ። ከልብ የመነጨም ሊሆን ይችላል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ከባዱን ሥራ የሚያውቁት ወንዶቹ ብቻ ሆነው ይገኛሉ፤ ሹመቱም እነሱን ተከትሎ ይሄዳል።

ኤድና አዳን ኢስማኢል እ.ኤ.አ. በ1937 ሃርጌሳ ሲወለዱ ከተማዋ የሴት ልጅ ትምህርት ቤት አልነበራትም። ጂቡቲ ተምረው፣ በ1954 ብሪታንያ ተሻግረው፣ አዋላጅ ነርስ ሆነው ሲመለሱ ለወራት ያለ ደመወዝ ሠሩ። ሴት ልጅ በመንግሥት መዝገብ ላይ ደመወዝተኛ ሆና አትታወቅም ነበርና። በ1988 የአየር ድብደባ ወደ ፍርስራሽነት በተለወጠችው ከተማ፣ ቆሻሻ ይጣልበት በነበረ መሬት ላይ፣ በጡረታቸውና በሸጡት ንብረት ያሠሩት ሆስፒታል በ2002 ተከፈተ። በ2023 የቴምፕልተን ሽልማት የተሰጣቸው እኚህ ሴት ብዙ ጊዜ የሚወደሱት በሕንፃው ነው። እኔን የሚስበኝ ግን ሕንፃው ትምህርት ቤት መሆኑ ነው፤ አዋላጆች፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች እዚያው ይሠለጥናሉ። በልጅነታቸው የተገረዙት፣ ኋላም ግርዛትን በአደባባይ የተቃወሙት ኤድና የሌላዋን ሴት ሕመም ለመረዳት አስተማሪ አላስፈለጋቸውም። ያንን ሕመም ወደ ሥልጠናና ወደ ፈተና መለወጣቸው ግን ከማዘን የተለየ ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ማሚቱ ጋሼ የፌስቱላ ሐኪሞች ወደነበሩት ወደ ሐምሊን ባልና ሚስት የመጡት ምጥ የጎዳቸው፣ ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ የፌስቱላ ታካሚ ሆነው ነው። አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ፤ ተራ አዛኝ እዚያው ላይ ይበቃል ባለ ነበር። ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ግን መሣሪያ አቀባይ፣ ቀጥሎም ቀዶ ጥገና ሠሪ አድርገው አሠለጠኗቸው። በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ከሁለቱ ሐኪሞች ጋር ለእሳቸውም ሰጠ። ርኅራኄ የሥራውን ደረጃ ያወርዳል ለሚል ሰው መልሴ ይኼው ነው። ምላጭ ሲያስረክቡ መራራት አይቻልም፤ የሚሳሳት እጅ የሌላ ሴት ገላ ላይ ነውና ያረፈው። ቁጣና ድጋሚ ልምምድ የዚያው ርኅራኄ ክፍል ናቸው።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ካናዳዊ-አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፖል ብሉም በ2016 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሌላውን ስሜት መጋራት እንደ ባትሪ ብርሃን ነው ይላል፤ ያነጣጠረበትን ያሳያል፣ የቀረውን በጨለማ ይተዋል። እውነት አለው። ማሚቱን ያዩ ዓይኖች ያላዩዋቸው ስንት ታካሚዎች ነበሩ? ሶማሌላንድ ራሷም ምስክር ናት። ኤድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እስከመሆን ደርሰዋል፤ በ2021 የምክር ቤት ምርጫ ግን ከ82ቱ መቀመጫዎች አንዱንም ሴት አላሸነፈችም፤ 13 ሴቶች ተወዳድረው ነበር። የአንዲት ሴት ቀዳሚነት ለሁለተኛዋ መንገድ አይሆንም ማለት ነው፤ አንዳንዴ እንዲያውም «አለችን እኮ» ለማለት ማመካኛ ይሆናል። ስለዚህ መሪው በአንዲት ሴት ላይ ያየውን ሕመም ወደ ደንብ ካልለወጠው፣ ማለትም ወደ ደመወዝ እርከን፣ ወደ ተራ ድልድል፣ ማንነትን ወደማይጠይቅ የፈቃድ ፈተና፣ ብርሃኑ ከእሱ ጋር ከክፍሉ ይወጣል።

ሃይማኖትን ተገን አድርጎ የሚመጣው ተቃውሞ ደግሞ ራሱን የሚያፈርስ ይመስለኛል። ወላድን ሴት ብቻ ትያት የሚለው የጨዋነት ወግ፣ ሴት ልጅን ወደ ሙያው ያስገባ በር ነው፤ በሩን የከፈተው ወግ ግን በዚያው ክፍል ሊዘጋባት ይፈልጋል። ማዋለድ ይፈቀዳል፣ ማሽኑ ግን የወንድ ነው ይባላል። ነገር ግን እናቲቱ ደም ሲፈስሳት ጨዋነቷ አዋላጇ ላይ አያበቃም። የደም ዓይነቷን የሚለየው ማነው? ማደንዘዣ የሚሰጣት ማነው? መሣሪያው ሌሊት ሲቆም ተጠርቶ የሚገባውስ?