ለገዳዩ ማን ያልቅስለት?

እ.ኤ.አ. በ1992 ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» ፊልም አድርጎ ሠራው። ታሪኩ አልቆ የሠራተኞቹ ስም መውረድ ሲጀምር አንድ ዘፈን ይሰማል። የጻፈችውም የዘፈነችውም ስኮትላንዳዊቷ አኒ ሌኖክስ ናት። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የፍቅር ዘፈን ለቫምፓየር» ይሆናል። በዓመቱ በነጠላ ወጥቶ ብሪታንያ ውስጥ እስከ 3ኛ ደረጃ ደርሷል። የአስፈሪ ፊልም ዘፈን ይባል እንጂ አያስፈራም፤ ጩኸት የለውም፣ ማስደንገጫ የለውም። ቀስ ብሎ ይመጣና ሆድ ያባባል። የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው።

ግጥሙን ልብ ብላችሁ ስሙት። ቫምፓየር የሚለው ቃል ያለው ርእሱ ላይ ብቻ ነው። ውስጡ ያለው የሚመታ ልብ፣ ሳትፈካ ብርድ የቀማት አበባ፣ ብቸኝነት፣ ወደ እቅፌ ተመለሺ የሚል ልመና ነው። ርእሱን ያልሰማ ሰው ሠርግ ላይ ቢያጫውተው ማንም አይገረምም። ግን እኮ ከዚህ ዘፈን በፊት ሁለት ሰዓት ሙሉ ደም አይተናል። ድራኩላ ለሴቶቹ ሕፃን ልጅ አምጥቶ ሲሰጥ አይተናል። ሉሲ የምትባለዋን ሳቂታ ልጅ ቀስ በቀስ ደሟን ሲጨርሳት፣ ሞታ ስትነሳና እሷም በተራዋ ሕፃን አቅፋ መቃብር ቤት ስትገባ አይተናል። ሊያገባት የነበረው ሰው በገዛ እጁ ደረቷ ላይ ካስማ ይተክላል። ለሉሲ ዘፈን አልተጻፈላትም።

ታዲያ የኛ እንባ እንዴት ወደ ገዳዩ ሄደ? መልሱ ከዘፈኑ በፊት ይጀምራል። በ1897 የታተመው ልብ ወለድ ውስጥ ድራኩላ የተሰበረ ልብ የለውም። ሞታበት የሚፈልጋት ሚስት የለችውም። ይርበዋል፣ ይበላል፣ በቃ። ሚስቲቱን የጨመረው ፊልሙ ነው። መክፈቻው ላይ፣ በ1462፣ ቭላድ ከጦርነት ሲመለስ ሚስቱ ኤሊዛቤታ ባሏ ሞቷል የሚል የሐሰት መልእክት ደርሷት ራሷን ወንዝ ውስጥ ጥላለች። ካህኑም ራሷን ስላጠፋች ነፍሷ አይድንም ይላል። ሰውየው እግዚአብሔርን የሚክደውና ጭራቅ የሚሆነው ያኔ ነው።

ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም ሲባል እየሰማን ላደግን ሰዎች ይህ ትዕይንት የሩቅ አገር ተረት አይደለም። ፍትሐት የተከለከለበትን ቤት ዝምታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለኔ ፊልሙ ውስጥ ትልቁ እውነት እዚህ ጋ ነው፤ መከልከሉ ራሱ ቁስል ነው፣ ቁስሉም ማመርቀዝ ይችላል። ዘፈኑን ሳዳምጠው አንዳንዴ ያ የተከለከለው ፍትሐት ዘግይቶ የመጣ ይመስለኛል። አራት መቶ ዓመት ዘግይቶ፣ በሴት ድምፅ።

ግን ቁስሉን መረዳት አንድ ነገር ነው፤ በቁስሉ ስም የተደረገውን መርሳት ሌላ። እኛ ትውልድ ይህን በጣም እናምታታዋለን። «እሱም ተጎድቶ እኮ ነው» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ስንት ወንድ አዳነች!

አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሄጄ ነበር። ሟቹ ሚስቱን ይደበድብ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አልቃሿ ተነስታ ደግነቱን፣ ቸርነቱን፣ አንበሳነቱን እያነሳች ስታስለቅስ ሰዉ ደረቱን መታ፤ እኔም ዓይኔ ረጠበ፣ ሙሾው ግሩም ነበርና። ሚስትየው አላለቀሰችም ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ከሁሉም በላይ ያለቀሰችው እሷ ናት። የሷን እንባ ማንም ሊከለክላት አይችልም፤ ያወቀችውን ሰው፣ ክፉውንም ደጉንም፣ ነው ያለቀሰችው። አልቃሿ ግን ያለቀሰችው በሁላችንም ስም ነው። በሁላችን ስም አንበሳ ከተባለ በኋላ፣ ሚስትየው ነገ አፏን ከፍታ የደረሰባትን ብትናገር ማን ይሰማታል? የሞተ ሰው ትወቅሳለች ተብላ እሷው ልትወቀስ ነው።

ስለዚህ ለኔ ዋናው ጥያቄ ለክፉ ሰው ይለቀሳል ወይስ አይለቀስም አይደለም። የሚያለቅሰው ማን ነው? በማን ስም? ነው።

ወደ ዘፈኑ ስመለስ ደግሞ ይህ በትክክል የማይለየው ነገር ነው። ዘፈኑ «ለ»ቫምፓየር ነው ይላል ርእሱ፤ ዘፋኙ ግን ማን ነው? ግጥሙ ወደ ድራኩላ ያደላል፤ አበባውን ያጣው እሱ ነው፣ ዘመን እየተሻገረ የሚፈልገው እሱ ነው። እንደዚያ ከሆነ የምንሰማው የገዳይ ለራሱ ማልቀስ ነው፤ ከኔ ፍቅር የሚበልጥ ፍቅር የለም ማለት ደግሞ ከቅናተኛ ሰው ሁሉ አፍ የማይጠፋ ነገር ነው። አልወደውም። ድምፁ ግን የሴት ነው። ሚና ናት ብዬ ስሰማው እያንዳንዱ ቃል ይገለበጣል፤ የሚወደውን ሰው ማንነት አውቆ የሚያለቅስ ሰው ይሆናል።

እኔ ሚና ናት ብዬ ነው የምሰማው። ምክንያቱ የፊልሙ መጨረሻ ነው። በልብ ወለዱ ድራኩላን የሚገድሉት ሁለት ወንዶች ናቸው። በፊልሙ እነዚያ ወንዶች ያቆስሉታል እንጂ የሚጨርሱት እነሱ አይደሉም። ነፍሱ እየወጣች፣ ያኔ እግዚአብሔርን በካደበት ቤተ ጸሎት ውስጥ ከሚና ጋር ነው። አቅፋዋለች፣ ስማዋለች። ከዚያ ልቡ ላይ የተሰካውን ስለት ገፍታ ታስገባዋለች፤ አንገቱንም ትቆርጣለች። ይወደኛል፣ ተጎድቶ ነው፣ ይሻሻላል ብላ አልለቀቀችውም። ከሁሉ ይልቅ የምትወደው እሷ ናት፣ ያስቆመችውም እሷ ናት። ዘፈኑ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ እጇ ላይ ደም እያለ። ቀድሞ ቢመጣ ኖሮ፣ ለምሳሌ ሉሲ ስትነከስ፣ ልቋቋመው የምችል አይመስለኝም።

ያም ሆኖ ሙሉ በሙሉ አልታረቅሁትም። ልብ ወለዱ ውስጥ ፊልሙ የተወው አንድ ትዕይንት አለ። ልጇ የተወሰደባት እናት ወደ ግንቡ በር ትመጣለች፤ ጸጉሯ ተበትኗል፣ በሩን በእጇ እየደበደበች ልጄን ስጠኝ ትላለች። ድራኩላ ከላይ ሆኖ ተኩላዎቹን ይጠራል። መጥተው ይበሏታል። ጥቂት መስመር ናት፤ ስቶከር ስም እንኳን አልሰጣትም። አኒ ሌኖክስ ያንን በመሰለ ድምፅ ስትዘፍን ጆሮዬ የሚፈልገው እሷን ነው፤ በሩን የምትመታዋን።