ለምሩቃን ልጆች የተሰጠ ምክር

ልጆቼ ሆይ፤ የከፍተኛ ትምህርታችሁን ፈጽማችሁ ለአገር አገልግሎት በምትሰናዱበት በዚህ ሰዓት፣ ዲግሪ በራሱ ሰውን ለመሪነት ያበቃዋል የሚል አሳብ በልቡናችሁ ሥር እንዳይሰድ እለምናችኋለሁ። የቀደሙት የቤተ ክህነት ተማሪዎች ቅኔውን ከጎጃም ወይም ከዋድላ፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ከጎንደር ለመማር ደበሎ ለብሰው በእግራቸው ሲዞሩ፣ ቁራሽ የሚሰጣቸው ገበሬው ነበረና ማን እንደ መገባቸው ሊዘነጉት አይቻላቸውም ነበር። የእናንተን ቀለብ ግን ያው ገበሬ በግብሩ ቢከፍለውም በምግብ አዳራሽ ተሰልፎ ለሚቀበል ሰው ፊቱ አይታየውም። በ1954 ዓ.ም. የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ መሰጠቱ ታላቅ በጎነት ነው፤ ይሁን እንጂ የግቢው ማማር አንዳንዱን ተማሪ ገና ሳይሾም የተሾመ ሳያስመስለው አልቀረም።

ትምህርትና መሪነት በእውነት ሲገናኙ ለማየት የሚወድ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ታሪክ ይመርምር። በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ኮሌጅ፣ ሐኪም ማፍራት ረዥም ዘመንና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ የተማረውም ሐኪም ከከተማ መራቅን የማይወድ ስለሆነ (ይህ ጠባይ ዛሬም አልለቀቀንም)፣ ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ጠባቂውን በአንድነት አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ጀመር። ጤና መኮንኑ በሽተኛ ከመመርመሩ በላይ የጣቢያው ኃላፊ ነበረ። ለወባ በሽተኛ ክኒን መስጠት ለተማረ ሰው ቀላል ነው፤ ከብቱና ሰዉ በአንድነት የሚጠጡትን ምንጭ ለማሳጠር ግን የመንደሩን ሽማግሌዎች ማሳመን፣ ከቄሱ ጋር መመካከር፣ ድንጋዩንም ከሕዝቡ ጋር መሸከም ያስፈልጋል፤ ይህ ያልሆነለት መኮንን ትእዛዙ በጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ተሠርቶ የነበረው ሥርዐትም ከዚሁ አሳብ የራቀ አልነበረም። አብዛኛዎቹ የተላኩት ለመምህርነት ነበር፤ በእኔ ግምት ግን ካስተማሩት ይልቅ የተማሩት ይበልጣል፣ ከአዲስ አበባ ወዲያ ያለውን አገር ብዙዎቹ ያወቁት ያን ጊዜ ነውና።

እንግዲህ ወደ ወረዳ ስትመደቡ፣ በመጀመሪያው ወር አዲስ ትእዛዝ ለማውጣት አትቸኩሉ። ከእናንተ በፊት የነበረው ሹም የተወውን መዝገብ አስወጥታችሁ አንብቡ፤ የተጀመረው መንገድ ወይም ጉድጓድ ለምን እንደ ቆመ ጸሐፊውንም ዘበኛውንም ለየብቻ ጠይቁ፤ በገበያ ቀን ቢሮ ዘግታችሁ ከእህል ተራው ዋሉ፤ ባለጉዳይ ሲመጣም አስቀድማችሁ ወንበር ስጡት፣ ጉዳዩን ከዚያ በኋላ ይነግራችኋል።