ሕመምን መናገር እሮሮ ነውን?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ አንድ አዛውንት «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ፣ ጉልበታቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲቆረጥማቸው ቢያድርም፣ መልሳቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና» ነው። ይህን ውሸት የሚለው የለም፤ ጨዋነት ነው። ሕመምን ችሎ መዋል የትልቅ ሰው ወግ ነው። ለመሆኑ ይኸው ጨዋነት ሐኪም ፊትም ይሠራልን?

አይሠራም ባይ ነኝ። ጎረቤት ደኅንነታችንን የሚጠይቀው ሊያከብረን ነው፤ ሐኪም የሚጠይቀው ሊያውቅ ነው። ለጎረቤት ምስጋና፣ ለሐኪም ምስክርነት ይገባዋል። የመገጣጠሚያ በሽታ በጅምሩ በራጅ ላይታይ ይችላልና ትልቁ ማስረጃ የታማሚው ቃል ነው።

3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ነፋስ መውጫ «ብርድ ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቀላል። ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል፤ ይሁንና ቁርጥማት የምንለው አንድ በሽታ ብቻ አይደለም። ጠዋት ጣቶች ተሳስረው ከአንድ ሰዓት በላይ አልፍታታ ካሉ፣ የሁለቱም እጆች አንጓዎች ካበጡ፣ ሰውነት ራሱን የሚወጋበት በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በጊዜ ካልታከመም አንጓን ያጣምማል። ሲሠሩ የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚቀል የጉልበት ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ የመገጣጠሚያ መበላት ነው። በልጅ ላይ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መጥቶ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ቁርጥማት ደግሞ ለልብ ጠንቅ ሊተርፍ ይችላል።

እንግዲህ ከስማዳም ሆነ ከእስቴ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ከስንቁ ጋር ቃሉንም ያሰናዳ። መቼ ጀመረ? የቱ አንጓ ነው? የሚብሰው ጠዋት ነው ወይስ ማታ? የትኛውን ሥራ አስተወ? ከሱቅ የተገዛው ክኒን፣ የተጠጣው ሥራሥር፣ ለጸበል ሲባል የተቋረጠው መድኃኒትም ሳይታፈር ይነገር። ክኒኑ በሽታውን ጋርዶት ሊሆን ይችላልና። እናቱን ያጀበ ልጅም ቀድሞ አይመልስላት፤ የሷን ሕመም ከሷ በቀር የሚያውቀው የለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ተረታችን። ማጋነንም ያው መደበቅ ነው፤ እውነቱን ይሸፍናል። ሐኪሙም በበኩሉ፣ ሰልፉ ቢረዝምበትም፣ ቃሉን እስከ መጨረሻው የመስማት ዕዳ አለበት። ትዕግሥት ትልቅ ምግባር ነው፤ የታገሠ ሰው ግን ሕመሙን ተሸከመ እንጂ አልካደም።