ዘይትና ወይን የያዘ ፍቅር



ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በከባድ ዝናብ የራሰ ተራራ ተንዶ ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ለጎረቤቱ ደርሶ በእጁና በአካፋ ሲቆፍር ናዳው ዳግመኛ ወርዶ ለማዳን የመጡትን ጭምር ዋጠ። ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ።

ነፍሱን ለወንድሙ የሰጠን ሰው ልንነቅፍ አንደፍርም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ፍቅር ያለ ሥልጠና ለሞት እንዳይዳረግ የመጠበቅ አደራ አለብን። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ባገኘ ጊዜ ዘይትና ወይን ፍለጋ አልሄደም፤ አስቀድሞ ይዞት ነበር። እንግዲህ መዘጋጀትም የፍቅር ሥራ ነው።

ስለዚህ ክረምት ሳይገባ በየቁምስናችን በጎ ፈቃደኞችን እናሠልጥን። የመሬት መሰንጠቅን፣ የዛፍ መዝመምን፣ የምንጭ በድንገት መደፍረስን ለይተው ይወቁ። የአደጋው ደወል ሲሰማ አረጋውያንንና ሕፃናትን ማን እንደሚያወጣ፣ ሕዝቡም ወዴት እንደሚሸሽ አስቀድመው ይወስኑ። ናዳ ከወረደም በኋላ ዳገቱን የሚመለከት ጠባቂ ሳይቆም ማንም ለቁፋሮ እንዳይገባ ይማሩ።

ያለፉትን በጸሎት እናስብ፤ ያሉትን በትጋት እንጠብቅ። የጌታ ሰላም ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።