በጠባቂው ላይ የሚቀርብ አቤቱታ በማን ፊት ይታይ?

አባቶቻችን «እህል ቢያንቅ በውኃ ይውጧል፤ ውኃ ቢያንቅ በምን ይውጧል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሰው በሌባ ቢዘረፍ ወይም በጕልበተኛ ቢደበደብ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ይጮኻል። የደበደበው ራሱ ፖሊስ የሆነ እንደ ሆነ ግን ወደ ማን ይሂድ? አቤቱታ የሚለው ቃላችን «አቤት» ከሚለው ጩኸት የወጣ ነውና፥ ጩኸት ደግሞ ሰሚ ይሻል። በዳዩና ሰሚው ከአንድ ገበታ የሚቆርሱ ሲሆኑ ያ ጩኸት ምን ይሆናል? ዛሬ በአንባቢዎቻችን ፊት ልናቀርበው ያሰብነው ነገር ይኸው ነው።

በብዙ አገር የቆየው ልማድ፥ በፖሊስ ላይ የቀረበውን አቤቱታ ፖሊስ ራሱ እንዲመረምር ነው። ለዚህ ልማድ የሚሰጠው ምክንያት ከንቱ አይደለም። በጨለማ መንገድ ጩቤ ከያዘ ሰው ጋራ የተገናኘ ዘበኛ በአንድ ቅጽበት ያደረገውን፥ በቀን ብርሃን በወንበር ተቀምጦ የሚፈርድ ሰው እንዴት አድርጎ ያውቀዋል? ይላሉ። ደግሞም አለቃ ጭፍራውን ራሱ መርምሮ መቅጣት ካልቻለ አለቅነቱ ምኑ ላይ ነው? እንዲህ የሚሉ ሰዎች ከመጽሐፍም ድጋፍ አያጡም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በፊተኛው መልእክቱ በስድስተኛው ምዕራፍ፥ ወንድም ከወንድሙ ጋራ ተካሶ በውጭ ባሉ ዳኞች ፊት መቆሙን ነቅፏልና።

ነገር ግን የሐዋርያው ነቀፋ ስለ ማን እንደ ተጻፈ ማስተዋል ይገባል። በዚያ ከሳሹም ተከሳሹም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የሚፈርደውም ሽማግሌ ለሁለቱም ወንድም ነው። በፖሊስ ነገር ግን ተከሳሹ ወንድም ሲሆን ከሳሹ እንግዳ ነው። የቤቱ ሽማግሌ በወንድሙና በመንገደኛው መካከል ሲፈርድ፥ ክፉ ሰው ባይሆንም እንኳ ሚዛኑ ወደ ወንድሙ ያዘነብላል። ስለዚህ የውስጥ ምርመራ ጕድለት በመርማሪው ክፋት ብቻ የሚመጣ አይመስለኝም። ደግ መርማሪም ቢሆን ነገ ከተከሳሹ ጋራ ለአንድ ሥራ እንደሚሰማራ፥ በአደጋም ጊዜ ነፍሱ በእርሱ እጅ ልትወድቅ እንደምትችል ያውቃል።

የሶስናን ታሪክ ካህናት ሁሉ ያውቁታል። የከሰሷት ሁለቱ ሽማግሌዎች ተራ ሰዎች አልነበሩም፤ በሕዝቡ ላይ የተሾሙ ዳኞች ነበሩ እንጂ። ጉባኤው ያመናቸው ማስረጃ አይቶ ሳይሆን ሹመታቸውንና ሽበታቸውን አይቶ ነው። ሴቲቱ ለሞት ስትወሰድ የጮኸላት ከሹማምንቱ ወገን ያልሆነ አንድ ብላቴና ነበረ። መንፈስ ቅዱስ ዳንኤልን ማስነሣቱን እያደነቅን፥ ዳንኤል በእጁ የሠራውን ሥራ ግን ዘንግተን እናልፋለን፤ ሥራውም ምርመራ ነበረ። ሁለቱን ለየብቻ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ በታች እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ ቃላቸውም ተለያየ። ይህን ጥያቄ ከዚያ ጉባኤ ማንም ሊጠይቀው ይችል ነበር፤ ነገር ግን የጠየቀ አልነበረም።

ነገሩ በሥራ ሲገለጥ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ በኒው ዮርክ ከተማ ከሆነው መረዳት ይቻላል። (ስለ ውጭ አገር የምንጽፋቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) በዚያች ከተማ በ1953 የሕዝብን አቤቱታ የሚያይ ጉባኤ ተቋቋመ፤ ነገር ግን የሚያዩት የፖሊስ መሥሪያ ቤት ሹማምንት ነበሩ። በ1966 ከንቲባው ጆን ሊንዚ ከሰባቱ አባሎች አራቱ ከፖሊስ ውጭ የሆኑ ሰዎች እንዲሆኑ አደረጉ። በአራት ሰዎች ምክንያት ይህን የሚያህል ቍጣ ይነሣል ብሎ ማን ባሰበ! የፖሊሶች ማኅበር ፊርማ አሰባስቦ ነገሩ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ አስደረገ። ለቅስቀሳ በተሠራው ሥዕል ላይ አንዲት ወጣት ሴት በሌሊት ብቻዋን ከምድር ውስጥ ባቡር መውጫ ብቅ ስትል ትታያለች፤ ትርጓሜውም፥ የፖሊስ እጅ ከታሰረ ይህችን ማን ይጠብቃታል? ማለት ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሕዝቡ ድምፁን ሲሰጥ፥ ከመቶ ከስድሳ የሚበልጠው ይፍረስ አለ፤ ጉባኤውም ፈረሰ።

እንግዲህ አስተውሉ፤ ጉባኤውን ያፈረሰው ጨካኝ ገዥ አይደለም፤ ሕዝቡ ነው። ሕዝቡንም ክፉ ነው ልንለው አንችልም። ሌባን የሚፈራ ሰው ብዙ ነበረ፤ ፖሊስን የሚፈራው ግን በአንዳንድ ሰፈር ብቻ የሚኖር፥ ይልቁንም ጥቍር ሕዝብ ነበረ። ብዙዎች ስለ ራሳቸው ደኅንነት ድምፅ ሲሰጡ የጥቂቶቹ ፍርድ በዚያው ተወሰነ። ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ ፍትሕን የሚሻው ሰው ቍጥሩ ጥቂት ሲሆን የድምፅ ሣጥን አያድነውምና።

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በ1987 ጉባኤው ከፖሊስም ከሲቪልም ተቀላቅሎ እንደ ገና ተቋቋመ። ፈጽሞ ከፖሊስ እጅ ይውጣ በተባለ ጊዜ ደግሞ፥ በሴፕቴምበር 1992 ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ የነበሩ ብዙ ሺህ ፖሊሶች በከተማው አዳራሽ ፊት ወጥተው ታላቅ ሁከት አደረጉ። በ1993 ግን ሁሉም አባሎች ሲቪል ሆኑ። ይህም ሆኖ ጉባኤው መርምሮ አሳቡን ያቀርባል እንጂ የቅጣቱ የመጨረሻ ቃል የፖሊስ ኮሚሽነሩ ነው። የቅጣት መዝገባቸውም ከ1976 ጀምሮ በሕግ ተሰውሮ ከኖረ በኋላ የተገለጠው በ2020 ነው።

በሰሜን አየርላንድ የተሠራው ከዚህ ይጠነክራል። በዚያ ካቶሊኩ ሕዝብ ፖሊሱን የሌላው ወገን ሠራዊት አድርጎ ይቈጥረው ስለ ነበረ፥ ሞሪስ ሄይስ በ1997 ባቀረቡት ጥናት መሠረት በ2000 አንድ የፖሊስ እንባ ጠባቂ መሥሪያ ቤት ሥራውን ጀመረ። ይህ መሥሪያ ቤት አቤቱታውን ተቀብሎ ወደ ፖሊስ አይመልሰውም፤ በራሱ መርማሪዎች ይመረምራል። የመጀመሪያዋ ሹም ኑዋላ ኦሎን የሕግ መምህርት ነበሩ። በ1998 በኦማ ከተማ ፈንጂ ፈንድቶ 29 ሰዎች ስለ ሞቱበት ነገር በ2001 ባወጡት መግለጫ፥ ፖሊስ አስቀድሞ በደረሰው ወሬ በሚገባ አልተጠቀመም ብለው ጻፉ። የፖሊሱ አዛዥ እጅግ ተቈጡ፤ መሥሪያ ቤቱ ግን አልተዘጋም።

ከእኛ ልማድ በዚህ ነገር ላይ የሚከራከረን አንድ አሳብ አለ፤ እርሱም ገመናን መሸፈን ነው። ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕራቍትነት እንዳያዩ ወደ ኋላቸው እየሄዱ ሸፈኑት፥ ተባረኩም። አለቃውም የጭፍራውን ነውር ሲሰውር የሴምን ሥራ የሠራ ይመስለዋል። ነገር ግን ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ሰክሮ ቢተኛ ማንንም አልደበደበም፥ ማንንም አላሰረም። በልብሱ ሊሸፈን የሚገባው የራሱ ዕራቍትነት ነው እንጂ የሌላ ሰው ቍስል አይደለም። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም በአለቃ ላይ የተነሣውን አቤቱታ ለቤቱ ክብር ብለን ስንሸፍን የሴምንና የሌዋዊውን መንገድ አደባልቀን እንደ ሆነ ራሳችንን ብንጠይቅ አይከፋም። በኢያሪኮ መንገድ ሌዋዊው የወደቀውን አይቶ በማዶ አልፏልና።

በሌላ ወገን፥ ፖሊስም የድኻ ልጅ ነው። በሐሰት የሚከሰስ፥ ሌባውን ስለ ያዘ የሚጠላ አለ፤ ከሚቀርቡትም አቤቱታዎች ሳይረጋገጡ የሚቀሩ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ከወንድሞቹ አፍ «ንጹሕ ነው» የተባለ ሰው ንጽሕናውን ማን ያምንለታል? በውጭ ሰው ተመርምሮ ነፃ የወጣ ፖሊስ ግን በገበያ መካከል ቀና ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ የውጭ መርማሪ ለበደለኛው ፖሊስ ቢከብደው ለደጉ ፖሊስ ጠበቃው ነው።

የውጭ መርማሪ መኖሩም ብቻውን አይበቃም። በእስራኤል በ1992 የፖሊስን ጥፋት የሚመረምር ክፍል ከፖሊስ ወጥቶ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ተቋቁሟል። በ2015 በሆሎን ከተማ የወታደር ልብስ የለበሰ አንድ የኢትዮጵያ ተወላጅ በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ታየ። በመጀመሪያ የታሰረው ተደብዳቢው ነበረ፤ ሥዕሉ ሲወጣ ተለቀቀ። ወገኖቻችን በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ አደባባይ ወጡ፤ በፖሊሱ ላይ ግን የወንጀል ክስ ሳይመሠረት መዝገቡ ተዘጋ። ካሜራው ባይኖር ምን ይባል እንደ ነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

በአገራችንም ሕገ መንግሥቱ ባዘዘው መሠረት በ1992 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ተቋቁመዋል፤ አቤቱታ ተቀብለው የመመርመር ሥልጣን አላቸው። እንባ ጠባቂ የሚለው ስም እንዴት ያለ ከባድ ሸክም ነው! ሆኖም መሥሪያ ቤቱ በዋናው ከተማ፥ በደሉ ግን በሩቅ ቀበሌ ሲሆን፥ ተበዳዩ ስንቁን ቋጥሮ እስኪመጣ ድረስ የሚያልፍበትን ማሰብ ያሻል። ቃሉን ሰጥቶ ከተመለሰም በኋላ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በዚያው ጣቢያ በር ያልፋል፤ በበሩ የቆመውም ምናልባት ያው የከሰሰው ሰው ነው።